ለእማዬ የታጠቡ ብልቃጦች

ኂሩት ቆሻሻ ስትለይ ያያት ሰው ምስር የምትለቅም ይመስለዋል። ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ትቆምና ወረቀቱን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ፣ የምግብ ትራፊውን ለብቻ ታደርጋለች፤ የወተቱን ፕላስቲክ እንኳ ሳታለቀልቅ ከእጇ አታወጣም። ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ አጠገብ ካለው ጠባብ ቤታቸው ደጃፍ ሁለት ባለ ጎማ ቢኖች ቆመዋል፤ ጥቁሩ ለተራ ቆሻሻ፣ አረንጓዴው ለሪሳይክሊንግ፣ ተመልሶ ለሚሠራ ዕቃ። ወንድሟ አምሃ ከሥራ ደክሞት ገብቶ የእንቁላል ቅርፊት አረንጓዴው ውስጥ የጣለ እንደሆነ አለቀለት።

«አንተ ልጅ! በስሜ ከካውንስሉ የቅጣት ደብዳቤ እንዲመጣ ነው የምትፈልገው?»

«ማን ያየዋል፣ እታለም?»

«እኔ አየሁታ! ካውንስሉ ባያይ እኔ አላየሁም?»

አምሃ አንገቱን ደፍቶ ቅርፊቱን ይለቅማል። አገር ቤት ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ልጅ ነው። ለንደን ሲደርስ የተቀበለችው፣ ወረቀት ያስጨረሰችው፣ የሆቴል ዕቃ አጣቢነቱን ሥራ ያስገኘችለት እሷ ናት። በዐሥር ዓመት ስለምትበልጠው ስትቆጣው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ይህን ሁሉ ሕግ የምታስከብረው ኂሩት ራሷ የምትጥሰው አንድ ነገር ነበር። ክዳን ያለው ብልቃጥ አረንጓዴው ቢን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የጃሙ፣ የቡናው፣ የወይራው ብልቃጥ ባዶ በሆነ ቁጥር በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ መስኮቱ ሥር ተደፍቶ፣ ደርቆ፣ ሳሎኑ ጥግ ካለው ካርቶን ውስጥ ይገባል። የእናታቸው ነውና።

እናታቸው እማማ አልታየሽ ደብረ ታቦር ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ለቅመም ነጋዴ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ብልቃጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኂሩት ታውቃለች። ነቀዝ አይገባበት፣ ሽታው አይወጣ። የተረፋቸውን ደግሞ እማማ አልታየሽ ለጎረቤት ያድሉታል፤ ሰፈሩ ውስጥ የለንደን ብልቃጥ የሌለበት ቤት የለም ይባላል። ኂሩት እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍና በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ቁንዶ በርበሬ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ በካልሲ እየጠቀለለች ሻንጣው ውስጥ ትወሽቅበታለች።

«ኂሩት፣ ሰው ለእናቱ ሽቶ ይልካል፣ አንቺ ባዶ ዕቃ!» ይሏታል።

«ባዶ ነው ያለህ ማነው? የለንደን አየር ሞልቼበታለሁ። ክዳኑን ብትከፍተው ወዮልህ!»

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ኂሩት ታመመች። የሐሞት ጠጠር ነው ተብሎ ሆድዋን ተቀደደች። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት፣ ሐሙስ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ አምሃ ከማታ ሥራው ሲወጣ ጋሽ ገብረመድኅን ፊንስበሪ ፓርክ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆመው አገኛቸው። ጋሽ ገብረመድኅን ለንደን ያሉ የአገራቸው ሰዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ካምደን የሚኖሩ ሰውዬ በዚያ ጠዋት እዚያ ምን ያደርጋሉ ብሎ አስቦ ገና ሳይጨርስ፣ ክንዱን ያዙት።

«አምሃ፣ ወንድ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እናትህ ትናንት ዐርፈዋል። ከደብረ ታቦር ለእኔ ተደወለልኝ።» አውቶቡሱ እየቀረበ ነበር። አዛውንቱ ቸኮሉ። «ለእህትህ አሁን አይነገርም። ስፌቷ አልጠገገም፣ ደንግጣ ብትወድቅስ? ስፌቱ ሲፈታ እኛ ተሰብስበን በማለዳ መጥተን እናረዳታለን። አንተ የተነገረህ እሑድ እሑድ ስትደውል ስልኩን የሚከላከል ሰው ስላስፈለገ ነው። እናትሽ ጸበል ገብተዋል፣ ሱባኤ ላይ ናቸው፣ ስልክ አይገባም በላት። ዓይንህ እንዳይቀላ። አደራ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ።

አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ከፎቁ ወንበር ተቀመጠ። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየ፤ አልቀላም። እቤት እስኪደርስ እያሰለሰ አየው። ሲገባ ኂሩት ሆድዋን በእጇ ደግፋ ቆማ የጃም ብልቃጥ ታጥባለች።

«መጣህ? እየው፣ ይኼ ሰፊ አፍ ስላለው ለበርበሬ ይሆናል። የእማዬ እጅ ይገባበታል።»

«ይገባል» አለ አምሃ።

ሰው ለካ እንጀራ እየበላም፣ ሥራ እየሄደም፣ እየሳቀም ሬሳ ተሸክሞ መዞር ይችላል። እሑድ ስትደውል የአጎታቸው ልጅ ፀሐዬ አንሥቶ «ጸበል ናቸው» አላት። በሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ።

«ጾሙም ሱባኤውም አንድ ላይ!» አለች ኂሩት ስልኩን ዘግታ። «ይቺ ሴትዮ ልትመነኩስ ነው መሰለኝ። ስትወጣ ታገኘኛለች፤ ሆዴ ተቀዶ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ ሳትለኝ!»

አምሃ ሳቀ። መሳቁን ሲሰማ ከራሱ ጋር የተጣላ መሰለው። ማልቀሻ ቦታ አልነበረውም። ሆቴሉ ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ ብዙ ጊዜ ሞከረ፤ ነገር ግን እንባ እንደ ቧንቧ ውሃ ስለ ፈለጉት ብቻ አይመጣም።

ስፌቱ የሚፈታው ዓርብ ታኅሣሥ ስምንት ቀን ሆነ። ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ማለዳ ተቀጣጠሩ፤ ሰባት ሆነው፣ ቄሱንም ይዘው። ዓርብ ዕለት የኂሩት ጓደኛ ሙሉነሽ ወደ ነርሷ ይዛት ስትሄድ አምሃ ብቻውን ቤት ቀረ። ለቅሶ ቤት እንዲሆን ሳሎኑን ማስፋት ጀመረ። ሶፋውን ገፋ፣ ጠረጴዛውን አጠፈ፣ ከሙሉነሽ ቤት የመጡትን ወንበሮች ኮሪደሩ ውስጥ በአንሶላ ሸፈነ። በመጨረሻ የብልቃጦቹ ካርቶን ቀረ።

ካርቶኑን ከፈተው። ሃያ ሦስት ብልቃጥ። በሁሉም ላይ የእህቱ ጽሑፍ። ነገ ከመርዶው በኋላ ኂሩት ደረቷን እየመታች ስትንፈራፈር ዓይኗ እነዚህ ላይ ሲያርፍ ታየው። ምን ይበጃል? ለሙሉነሽ ይስጥ? ሙሉነሽ ቤት ሄዳ ታያቸዋለች። አልጋ ሥር ይደብቅ? ቤቷን የምታጸዳው እሷ ናት። ሰኞ ጠዋት የሪሳይክሊንጉ መኪና ይመጣል፤ እስከዚያ ከካርቶን ሥር ማን ያያቸዋል? ይህን አስቦ፣ ሁለት ፌስታል ሞልቶ፣ አረንጓዴውን ቢን ከፍቶ አስቀመጣቸው። ሲጥላቸው እንዳይንኳኩ እጁን እስከ ታች ድረስ ሰደደ። በላያቸው ካርቶን ቆልሎ ዘጋው።

ኂሩት ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ያየችው ባዶውን ጥግ ነው።

«ብልቃጦቼስ?»

አምሃ ይህን ጥያቄ ነገ ከለቅሶው በኋላ እንጂ ዛሬ አልጠበቀውም ነበር። «ሬድዋን መጥቶ ነበር» አለ፣ አፉ ላይ የመጣለትን የወዳጃቸውን ስም ጠርቶ። «ነገ አገር ቤት ይሄዳል። ሰጠሁት።»

«ሬድዋን ሊሄድ? ሳይነግረኝ? በካልሲ ጠቀለልክለት?»

«ጠቀለልኩለት።»

ኂሩት ፊቷ በራ። መጥታ ግንባሩን ሳመችው። «አንተማ ሰው ሆነሃል» አለችው።

እንግዲህ አንድ ሌሊት ብቻ ነበር የቀረው። በዚያ ሌሊት ግን በረዶ ጣለ። ሲነጋ መንገዱ ከመኪኖቹ ጋር አንድ ሆኖ ነጭ ሆኗል፤ አውቶቡስ የለም፣ ባቡር የለም። ገና ሳይነጋጋ ጋሽ ገብረመድኅን ደወሉ። አምሃ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከፍቶ አነጋገራቸው።

«ልጄ፣ ቄሱ ከቤታቸው መውጣት አልቻሉም። ሁለት ሰው ደግሞ ከደቡብ ለንደን ነው የሚመጣው። በሁለት ሦስት ሰው መርዶ አይነገርም፤ የሟች ክብር አይደለም። ለሐሙስ እናድርገው።»

«ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በላይ...»

«ጥቂት ቀን ነው። ያን ሁሉ ችለህ የለም?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ሰኞ የቆሻሻ መኪናው አልመጣም። አምሃ ከነጋ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር የተደረደሩት ቢኖች ነጭ ቆብ ደፍተው እንደ ለቀስተኛ ቆመዋል። ካውንስሉ የመንገዱ በረዶ እስኪቀልጥ መኪና አይወጣም አለ። አምሃ እንደ ምንም ወጥቶ የአረንጓዴውን ክዳን ሊከፍት ታገለ። ቀልጦ እንደገና የረጋው በረዶ ክዳኑን አጣብቆት ንቅንቅ አይልም። ቢከፈትለትስ ምን ያደርጋል? ብልቃጦቹን ወዴት ይወስዳል? እጁን እያሟሟቀ ተመለሰ።

ማክሰኞ ጥቁሩ ቢን ሞልቶ ከጎኑ ሁለት ላስቲክ ቆሻሻ ተቀመጠ። በማግስቱ ቀበሮዎቹ ላስቲኩን ዘነጣጥለው የሽንኩርት ልጣጭና የሻይ ቅጠል በረዶው ላይ በትነው ሄዱ። አምሃ ሆቴሉ ሰው ስለ ጎደለው በቀን እንዲገባ ተጠርቶ በእግሩ ሲወጣ አይቶታል። ስመለስ አነሣዋለሁ ብሎ አለፈ።

ኂሩትን ግን የማያውቃት ይመስል! ስፌቷ ተፈትቶ፣ ጉልበቷ ተመልሶ፣ ደጃፏ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተበትኖ ቁጭ የምትል ሴት ናት?

ከሥራ ሲመለስ ከሩቅ አያት። ብርሃኑ ገና አልጠፋም። የእሱን ትልቅ ጃኬት ደርባ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን አድርጋ፣ አረንጓዴው ቢን አጠገብ ቆማለች። የውሃ ማፍያው እግሯ ሥር ተቀምጧል። የፈላ ውሃ አፍስሳ ክዳኑን አስለቅቃዋለች። ጥቁሩ የማይችለውን ቆሻሻ በላስቲክ ቋጥራለች፣ አረንጓዴው ውስጥ ያለውን ካርቶን አጣጥፋ ለሳምንቱ ወረቀት ቦታ ልታበጅ አውጥታለች። ብልቃጦቹ በረዶው ላይ በተርታ ተደርድረዋል። አንዱ ተሰንጥቋል።

አምሃ ቆመ። እሷ ዘወር ብላ አየችው።

«ሬድዋን አልሄደም እንዴ?» አለችው።

ዓይኑ የተሰነጠቀው ብልቃጥ ላይ ቀረ።

«አዎ፣ ለካ አውሮፕላን የለም። ሂትሮው ተዘግቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።» ድምጿ የተለመደው ነበር፤ እንዲያውም ልትስቅ ያሰበች ትመስላለች። «መልሶ አመጣቸውና አንተ አኮረፍክ። ታዲያ ይጣላል? ሌላ ሰው ይሄድ የለም?»

ራስህን በአዎንታ ነቅንቅ፣ አለው ልቡ። ነገ ማለዳ ብቻ ነው የቀረው። ግን አንገቱ አልታዘዘውም።

«ወይስ ኪሎ በዛብኝ አለ? በለኝ እንጂ! አልቆጣህም።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «አምሃዬ፣ እማዬ እነዚህን ብልቃጦች እንደምትጠብቅ ታውቃለህ። አንተ ደግሞ እንኳን የእማዬን ዕቃ የሰው ዕቃ የምትጥል ልጅ አይደለህም። እስቲ አንድ ነገር በለኝ። ውሸትም ቢሆን በለኝ።»

አምሃ ጎንበስ ብሎ አንዱን ብልቃጥ አነሣና ከክዳኑ ላይ በረዶውን በእጅጌው ጠረገ። «ጥቁር አዝሙድ» ይላል። ቀና ማለት አቃተው።

«ጸበል አልገባችም» አለች ኂሩት።

አላለቀሰችም። ጓንቷን ከአንድ እጇ አወለቀች፤ ሌላውን ረሳችው።

«መቼ?»

«ኅዳር ሃያ ሁለት።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቀኑን እየቆጠረች መሆኑ ገባው። «ከሆስፒታል በወጣሁ ቀን» አለች። «ያን ቀን ሾርባ ጠጣሁ። ሙሉነሽ ስታጫውተኝ ስፌቴን ይዤ እየሳቅሁ ነበር። እናቴ አፈር ገብታ እኔ ትመነኩሳለች እያልኩ...» ቀና ብላ አየችው። «አንተ ስቀህልኛል። አየሁህ እኮ ስትስቅ።»

«አደራ ተብዬ ነው፣ እታለም። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሊመጡ ነበር፣ በረዶው... ነገ በማለዳ ይመጣሉ። ለጋሽ ገብረመድኅን አሁኑኑ ደውዬ ዐውቃለች ልበላቸው?»

«ማን ነው ያወቀ?»

«አንቺ...»

«እኔ አላወቅሁም!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። «የእናቴን ሞት ከቆሻሻ ውስጥ ነው የምሰማው? እንደ ቀበሮ ስቆፍር ነው የማገኘው? አልሰማሁም። ይምጡና ይንገሩኝ። እንደ ሰው ልጅ ይንገሩኝ።»

ብልቃጦቹን በጃኬቱ ጫፍ ሰብስባ፣ በሁለት ምልልስ ወደ ቤት አስገባቻቸው። ላግዝሽ ሲል ክንዷን ሰበሰበችበት። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። የክፍሏ በር ተዘጋ። አምሃ ደጃፏ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አደመጠ። የሳል ድምፅ እንኳ አልነበረም።

ሐሙስ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሰባቱም መጥተዋል። የሰፈሩ መንገድ መስታወት ሆኖ አውቶቡስ ስለማይገባበት ከፊንስበሪ ፓርክ ጀምሮ በእግራቸው ነው የመጡት። እንዳያንሸራትታቸው ካልሲያቸውን ከጫማቸው በላይ አጥልቀዋል። ጋሽ ገብረመድኅን ከካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው የቄሱን ክንድ ይዘዋል። ሙሉነሽና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከኋላ ናቸው። አምሃ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት የኂሩት በር ተከፈተ። ጸጉሯን አስራለች። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ ከእንቅልፏ የተነሣች መስላ ቆመች።

«ምነው በደኅና?» አለች፣ እንደ ወጉ።

«በደኅና ነው ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት ጋሽ ገብረመድኅን።

ተቀመጠች። ሰባት ሰዎች ካልሲያቸው በረዶ እያንጠባጠበ ፊት ለፊቷ ቆሙ። ቄሱ ጸለዩ። ጋሽ ገብረመድኅን ጀመሩ፤ ሁላችንም እንግዶች ስለ መሆናችን፣ ደግ ኖሮ ደግ መሞት የእግዜር ስጦታ ስለ መሆኑ፣ እማማ አልታየሽ በልጅ ልጅ ባይታደሉም በጎረቤት መታደላቸውን፣ በተኙበት ሳይሠቃዩ ማለፋቸውን። ኂሩት እያንዳንዱን ቃል አፍ አፋቸውን እያየች ሰማች። እንደማታውቅ ሰው ሰማች። «እናትሽ ዐርፈዋል» ሲሉ እጇ ወደ ደረቷ ወጣ፣ ከዚያም ትናንት እዚያ ውጪ ያልወጣው ጩኸት ወጣ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት መስኮቱን ሲከፍት ተሰማ። ሴቶቹ ከሁለት ወገን ያዟት። ሙሉነሽ «ሆድሽን! ሆድሽን!» እያለች ታለቅሳለች።

አምሃ ኮሪደሩ ውስጥ፣ አንሶላ በለበሱት ወንበሮች መካከል ቆሞ ነበር። ማንም አልያዘውም። ወንበሮቹን ለሽማግሌዎቹ ማውጣት ጀመረ። አንዱን አወጣ፣ ሁለተኛውን አወጣ፣ ውሃ ሊያመጣ ወደ ወጥ ቤት ዞረ።

«ጋሼ» አለች ኂሩት። ድምጿ ሻክሯል። «እሱን ማን አረዳው?»

ጋሽ ገብረመድኅን አልገባቸውም። «ማንን?»

«ወንድሜን። አምሃን። እኔን ሰባት ሆናችሁ፣ በበረዶ በእግራችሁ መጥታችሁ ነገራችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱን ማን አስቀምጦ ነገረው? ማን ያዘው?»

አዛውንቱ ካልሲያቸውን አዩ። «እሱን እንኳ... መንገድ ላይ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያ። ወንድ ነው ብለን...»

ኂሩት ከሴቶቹ እጅ ወጣች። ሙሉነሽ የደረበችላትን ነጠላ አዘቅዝቃ ለበሰች። ወጥ ቤቱ በር ድረስ መጥታ የውሃውን ብርጭቆ ከእጁ ተቀበለችው፣ ክንዱን ይዛ ሳሎን አስገባችውና እሷ ከተነሣችበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ሁለቱንም ጉልበቶቹን ያዘች፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ጫማውን ስታስርለት እንደምትይዘው።

«አምሃዬ» አለችው። «በርታ እሺ? አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ሰብስበው ቆሙ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

«አምሃዬ፣ እናታችን ሞተችብን።»

«ማ?» አለ አምሃ።

«እማዬ።»

«እማዬ?» አለ፣ ገና እንደ ሰማ ሰው፤ ከወንበሩ ወደ እህቱ ትከሻ ወደቀ፣ ሴቶቹም እየሮጡ መጥተው ያዙት።